ሞተሩ አልነሳ ሲል፦ ቤንዚኑን በአፋችሁ ከመሳባችሁ በፊት



በቅርቡ ከወገዳ አካባቢ አንድ መልእክት ደረሰኝ። የጻፈውን ሰው ማንነት የሚገልጸውን አውጥቼ፣ በራሱ ፈቃድ ላካፍላችሁ።

«ዶክተር፣ የውሃ ሞተሬ አልነሳ አለኝ። ቤንዚኑ ቆሽሾ ይሆናል ብዬ ልቀይረው በቱቦ በአፌ ስስብ ወደ ጉሮሮዬ ገባ። አሁን ያስለኛል፣ ደረቴንም ያቃጥለኛል። ወተት ጠጥቼ ልተፋው ወይ?»

ወዲያው መለስኩለት። «ወንድሜ፣ ወተት አትጠጣ፤ ለማስመለስም አትሞክር። የሚያስልህ ከሆነ ቤንዚኑ ወደ ሳንባህ ሳይገባ አልቀረም። አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ» አልኩት። የእሱ መልስ ግን «እሺ ዶክተር፤ ሽንኩርቱ እየጠወለገብኝ ስለሆነ ሞተሩን አስነስቼ እሄዳለሁ» የሚል ነበር።

ይህን ሰው አልፈርድበትም። የዓመት ልፋቱ ማሳ ላይ እየደረቀ ነው። ነገር ግን ያ መልስ ዛሬ ይህን ረጅም ጽሑፍ እንድጽፍላችሁ አደረገኝ። በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ፣ በሌላውም የገጠር አካባቢያችን ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጡ ትናንሽ ሞተሮች ከኑሯችን ጋር ተዋሕደዋል። የመስኖ ፓምፕ አለ፤ የሱቅ ጄኔሬተር አለ፤ ወፍጮ አለ፤ ባሕር ዛፍ የሚቆርጥ የሞተር መጋዝ አለ፤ በየግቢው የሣር ማጨጃ አለ። እኛ የጤና ባለሙያዎች ስለ ወባና ስለ ተቅማጥ ደጋግመን ስናስተምር፣ ስለ እነዚህ ሞተሮች ግን እምብዛም አንናገርም። ሞተር የመካኒክ ጉዳይ እንጂ የሐኪም ጉዳይ አይመስለንም።

የኔ አስተያየት ይህ ነው። ሞተር በሽታ የሚሆንብን በአብዛኛው በሚሠራበት ቀን ብቻ ሳይሆን አልሠራ ባለበት ቀን፣ ተናደንና ቸኩለን በምናደርገው ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሥርዓት መፈተሽን እንማር። ቀጥሎ ደግሞ ሰው በሚተነፍስበት ዝግ ቦታ፣ ማለትም በቤት፣ በሱቅና በጉድጓድ ውስጥ፣ የነዳጅ ሞተርን በኤሌክትሪክ ለመተካት ዛሬውኑ ማሰብ እንጀምር።

ሞተር እንደ እናንተ ይተነፍሳል

የነዳጅ ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ነዳጅ፣ አየርና እሳት። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል አይነሳም። እኛ ነዳጁን ብቻ እናያለን፤ አየሩን እንረሳለን።

ሀገራችን ደግሞ ከፍታ ናት። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የጉና ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በደብረ ታቦር ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ይህ ለሞተሩ ሦስት ነገር ያመጣበታል።

አንደኛ፣ ኃይሉ ይቀንሳል። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካው በካርቶኑ ላይ የጻፈው ኃይል እኛ ዘንድ ሩብ ያህሉ የለም። «ተታለልኩ፣ ደካማ ሞተር ሸጡልኝ» የሚል ሰው አንዳንዴ የተታለለው በሻጩ ሳይሆን በከፍታው ነው።

ሁለተኛ፣ ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር በደጋ ላይ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። ቤንዚኑ በደንብ አይቃጠልም። ካንዴላው ይጠቁራል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝም ይጨምራል።

ሦስተኛ፣ ፓምፑ ውሃ የሚስብበት ጥልቀት ይቀንሳል። ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋለት የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ያነሳል። በደብረ ታቦር ከፍታ 7 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ የቱቦው ፍትጊያና ክፍተት ሲቀነስ በተግባር 5 ሜትር አካባቢ ላይ ይቸገራል።

ይህን ሦስተኛውን ነጥብ ያዙልኝ። ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና እመለስበታለሁ።

ሞተሩ አልነሳ ሲል በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ

መጀመሪያ ሞተሩን ወደ ደጅ አውጡት። ልጆችን አርቁ። ሲጋራ፣ ምድጃ፣ ኩራዝ አጠገቡ አይኑር። ሞተሩ ሲሠራ ቆይቶ የጠፋ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቁ። ከዚያ፦

1. ማብሪያ ማጥፊያውንና የቤንዚን መክፈቻውን እዩ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ገመዱን ሃምሳ ጊዜ ጎትቶ ትከሻው ካመመው በኋላ መክፈቻው ተዘግቶ የሚያገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

2. ቤንዚኑ መቼ የተገዛ ነው? የመስኖ ፓምፕ ሰኔ ላይ ይቆማል፤ ኅዳር ላይ ይፈለጋል። ቤንዚን ግን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። ክረምቱን ታንከሩ ውስጥ የከረመ ቤንዚን ካርቡራተሩ ውስጥ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። መድኃኒቱ ኅዳር ላይ መጎተት ሳይሆን ሰኔ ላይ ታንከሩን ባዶ አድርጎ፣ ሞተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ደጅ ላይ አሠርቶ መጨረስ ነው።

3. የሞተር ዘይቱን ለኩ። ብዙ አራት ምት ጄኔሬተሮችና ፓምፖች ዘይት ሲያንስ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መቆጣጠሪያ አላቸው። ዘንበል ባለ መሬት ላይ ከተቀመጡም ዘይት እንዳነሳቸው ቆጥረው እምቢ ይላሉ። ደልዳላ መሬት ላይ አድርጉና ለኩ።

4. የአየር ማጣሪያውን ክፈቱ። በበጋ አቧራ የተደፈነ ማጣሪያ ሞተሩን አፍኖ ይይዘዋል። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና በውሃ እጠቡት፤ በደንብ ይድረቅ። በቤንዚን አትጠቡት። የወረቀት ከሆነ አራግፉት ወይም ቀይሩት።

5. ሞተሩ በርዶ እያለ ካንዴላውን ፍቱት። እርጥብ ከሆነ ሞተሩ በቤንዚን ተጥለቅልቋል፤ አድርቁትና ጥቂት ቆይታችሁ ሞክሩ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ አየር አንሶታል ወይም ቤንዚን በዝቶበታል። ብልጭታ ይኑረው አይኑረው ለማየት ቤንዚን ከፍታችሁ አጠገቡ አትሞክሩ፤ ያ የመካኒክ ሥራ ነው።

6. ቾክ የምንላትን የአየር መዝጊያ አስታውሱ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ትዘጋለች፤ ከተነሳ በኋላ ትከፈታለች። ዘግቶ መተው ጥቁር ጭስ ነው።

7. ሞተሩ ተነስቶ ፓምፑ ውሃ ካልሳበ ችግሩ ሞተሩ ላይ አይደለም። ፓምፑ ውስጥ ውሃ ሞልታችኋል? የመምጠጫ ቱቦው አየር ያስገባል? ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት በጭቃና በቅጠል ተደፍኗል? ከውሃው እስከ ፓምፑ ያለው ከፍታ ስንት ሜትር ነው?

ይህን ሁሉ አይታችሁ ካልሆነ መካኒክ ጥሩ። ከዚህ በላይ ያለው ትግል ጤናችሁን እንጂ ሞተሩን አያክምም።

አምስቱ የማልታገሳቸው ልማዶች

የመጀመሪያው ቤንዚን በአፍ መሳብ ነው። ቤንዚን ከውሃ ይልቅ ቀጭን ነው። ጉሮሮ ላይ ጠብታው ብቻ ወደ ሳንባ ሾልኮ ሊገባና በመላው ሳንባ ሊሰራጭ ይችላል። የሚጎዳው በዋናነት ሆድን ሳይሆን ሳንባን ነው። ለዚህ ነው ማስመለስ የምንከለክለው፤ ሲወርድ የሳተውን ሳንባ ሲወጣ ያገኘዋል። «ወተት መርዝ ያረክሳል» የሚለው የቆየ ልማድም እዚህ ላይ አይሠራም፤ ሆድ ሞልቶ ማስመለስን ነው የሚያመጣው። ቤንዚን ለማስተላለፍ በእጅ የሚጨመቅ መሳቢያ ተጠቀሙ፤ ወይም ጄሪካኑን አንስታችሁ በመቅጃ አንቆርቁሩ።

ሁለተኛው ቤንዚንን በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ ነው። ወላጆች፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ጠርሙሱን ነው የሚያውቀው። ትናንት ውሃ የጠጣበት ጠርሙስ ዛሬ ቤንዚን ይኖርበታል ብሎ አያስብም። ማንበብ አይችልም፤ ሽታውን ሳይለይ አንዴ ይጎነጫል፤ ይታነቃል፤ ቤንዚኑ ሳንባው ይገባል። ነዳጅ በነዳጅ ጄሪካን፣ ክዳኑ ተጠብቆ፣ ከመኖሪያ ቤት ውጭ፣ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ናፍጣና ነጭ ጋዝም እንደዚሁ።

ሦስተኛው በሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን መጨመር ነው። የቤንዚን ትነት ዓይን አያየውም፤ የጋለ የጭስ ማውጫ ወይም ብልጭታ ካገኘ ግን በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። የሚቃጠለው ፊት፣ እጅና ደረት ነው። አጥፉት፤ እስኪበርድ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። አመሻሽ ላይ በኩራዝ ወይም በሻማ ብርሃን ቤንዚን መቅዳት ጨርሶ አይታሰብ።

አራተኛው ጄኔሬተርን ቤት ወይም ሱቅ ውስጥ ማስነሳት ነው። በረንዳ ላይ፣ በመስኮት ሥር፣ «በሩን ከፍቼዋለሁ» ብሎ ጓዳ ውስጥ፣ ሁሉም ያው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያስለቅስም። ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ከደም ጋር ይጣበቃል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ይመጣል። ከዚያ ግራ መጋባትና እንቅልፍ፤ ከእንቅልፉ መንቃት የለም። ሕፃናት ከአዋቂ ፈጥነው ስለሚተነፍሱ ፈጥነው ይመረዛሉ። ነፍሰ ጡር ከሆነች እናት ይልቅ በማህፀኗ ያለው ፅንስ ይበልጥ ይጎዳል። ጄኔሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ጭሱም ከበርና ከመስኮት ዞሮ ይሂድ። ዝናብ ቢሆንም ከላይ መጠለያ ሥሩለት እንጂ ቤት አታስገቡት።

አምስተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ የነዳጅ ፓምፕን ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ ነው። ሦስተኛውን ነጥብ ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ውሃው በበጋ ወደ ታች ይርቃል። ፓምፑ ከላይ ሆኖ መሳብ ያቅተዋል። ገበሬው ሞተሩ ተበላሸ ይላል፤ ወይም «ትንሽ ወደ ውሃው ላቅርበው» ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ እርከን ቆፍሮ ያወርደዋል። ሞተሩ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ኦክስጅኑን ይበላል፤ መርዙን ይተፋል። ሊያጠፋው የወረደው ሰው ይወድቃል። እሱን ሊያወጣ የወረደው ወንድሙም ይወድቃል። በዓለም ዙሪያ በእንዲህ ያለ አደጋ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለማዳን የገቡት ናቸው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጋዙ ጉድጓዱ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ሰው ወድቆ ብታዩ አትውረዱ። ጩኹ፣ ሰው ሰብስቡ፤ ጉዳተኛው ራሱን ካልሳተ ገመድ ጣሉለት፤ ታጥቆ ከላይ በሌላ ሰው የተያዘና አየር የሚያገኝበት መሣሪያ ያለው ሰው ካልሆነ በቀር ማንም አይግባ። ይህን መናገር ለኔም ከባድ ነው። ወንድሙ ሲወድቅ ቆሞ የሚያይ አንጀት የለንም። ግን አንድ ሬሳ ሦስት እንዳይሆን ነው።

አደጋው ከደረሰ

ቤንዚን የተዋጠ እንደሆነ፦ አታስመልሱ፤ ወተት፣ ዘይት፣ ቡና አትስጡ። ልብስ ላይ ከፈሰሰ አውልቁ፤ ገላውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ። ሳል፣ መታነቅ፣ ፈጣን ትንፋሽ፣ የከንፈር መጥቆር፣ መደንዘዝ ወይም ትኩሳት ካለ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም። ልጅ ከሆነ ደህና ቢመስልም ውሰዱት፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ቢያንስ 6 ሰዓት በባለሙያ ክትትል ሥር ይቆይ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን እንደጠጣ እንድናውቅ።

በጭስ የታፈነ ሰው ካለ፦ ሞተሩን ከማጥፋት በፊት ሰውየውን ወደ ደጅ አውጡ። በአንድ ቤት ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ደጅ ሲወጡ ከቀለላቸው ይህን ጋዝ ጠርጥሩ። «ምች ነው» ብላችሁ ዳማከሴ አሽትታችሁ እዚያው ቤት መልሳችሁ አታስተኟቸው። ሕክምናው ኦክስጅን ነው። መርዙ በተራ አየር በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በኦክስጅን ጭምብል ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ለጤና ባለሙያ ወዳጆቼም አንድ ማስታወሻ፦ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን አይለይም። 98 ቢያሳያችሁ አትዘናጉ፤ ታሪኩን ጠይቁ።

ቃጠሎ ከሆነ፦ ለ20 ደቂቃ ንጹህ የሚፈስ ውሃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ እንቁላል አትቀቡ። በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሂዱ። የፊት፣ የእጅ፣ የመገጣጠሚያ ወይም ሰፊ ቃጠሎ ከሆነ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል እንዲልካችሁ ጠይቁ።

ከአካባቢያችን እስከ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ያለው መንገድ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። መኪና የማይገኝበትና መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። ለዚህ ነው «ሳይቃጠል በቅጠል» የምለው።

እንግዲህ ኤሌክትሪክ?

«ዶክተር፣ ይህን ሁሉ ከምትነግረን ለምን ተዉት አትለንም?» ትሉኝ ይሆናል። ሁሉንም በአንድ ቀን ተዉ አልልም። ኪሳችሁን አውቃለሁ። ደረጃ ልስጥላችሁ፤ ይህ የግል አስተያየቴ ነው።

ቅድሚያ የምሰጠው ለጉድጓድ ነው። ጉድጓዳችሁ ከ5 ሜትር በላይ ከጠለቀ የነዳጅ ፓምፕ ለእናንተ አይሆንም። ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከላይ አይስብም፤ ከታች ይገፋል። ስለዚህ የከፍታው ችግር አይገድበውም፤ አየርም አይሻም፤ ጭስም የለውም። በፀሐይ ኃይል የሚሠራውን ብታስቡበት ደግሞ ፀሐዩ የሚበረታው በበጋ፣ ውሃውም የሚፈለገው በበጋ ነው፤ ክረምት ሲደምን ማሳው ራሱ ውሃ ይጠግባል። የመጀመሪያ ዋጋው ውድ ነው፤ አልዋሻችሁም። ለአንድ ገበሬ ይከብዳል፤ አራት አምስት ጎረቤት ሆኖ እንደ ዕቁብ ማሰብ ግን ይቻላል። ሲሰላ በየበጋው የምትገዙትን ቤንዚን፣ ዘይት፣ ካንዴላና የመካኒክ ዋጋም አብራችሁ ደምሩ። ቤንዚኑ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ሲጠፋ ይጠፋል፤ ሲገኝም ውሃ የተቀላቀለበት አይጠፋም።

ሁለተኛው የቤትና የሱቅ ጄኔሬተር ነው። ለመብራት፣ ለስልክ ቻርጅና ለትንሽ ቴሌቪዥን ብቻ ከሆነ ጄኔሬተር መያዝ ለዶሮ በሬ ማረድ ነው። አነስተኛ የሶላር መብራት ይበቃል። ልጆቻችሁ በእሱ ያነባሉ፤ ከኩራዝ ጭስም ይድናሉ።

ሦስተኛው ወፍጮ ነው። የወፍጮ ቤት ናፍጣ ጭስ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም። ሕፃን አዝላ ተራ የምትጠብቀውን እናትም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር የደረሰበት ከተማ ላይ ያለ ወፍጮ ወደ ዲናሞ ቢዞር ደስ ይለኛል። መስመሩ ያልደረሰው ደግሞ የጭስ ማውጫውን ከጣሪያ በላይ ያውጣ፤ ተራ መጠበቂያውን ለብቻ ያድርግ። ቺንጊያው በናፍጣም ይዙር በመብራት ነጠላና ቀሚስ ይይዛልና በሽቦ ይከለል።

የመጨረሻው ከወንዝ ዳር የሚስብ ፓምፕ፣ የሞተር መጋዝና የሣር ማጨጃ ነው። ሜዳ ላይ ስለሚሠሩ ጭሱ ይበተናል። ለጊዜው የነዳጁን በጥንቃቄ ተጠቀሙ። የሞተር መጋዝ ድምፅ ግን ከ100 ዴሲቤል ያልፋል፤ ያለ ጆሮ መከላከያ ለደቂቃዎች እንኳ ጆሮን ይጎዳል። የዓይን መከላከያና ጠንካራ ጫማም አትርሱ። በባትሪ የሚሠራው ድምፁና ንዝረቱ ይቀንሳል፤ ጥርሱ ግን ያው ጥርስ ነው፤ እግር አይለይም።

በዚህ አጋጣሚ ውጭ ሀገር ላላችሁ ልጆቻችን አንድ ቃል። ብዙዎቻችሁ ለቤተሰብ ጄኔሬተር ወይም የቤንዚን ፓምፕ ገዝታችሁ ትልካላችሁ። እግዜር ይስጣችሁ። ግን ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ካሊፎርኒያ አዳዲስ የቤንዚን ሣር ማጨጃዎችንና ቅጠል መንፊያዎችን ከ2024 እ.ኤ.አ. ምርት ጀምሮ እየከለከለች መሆኑን ታውቃላችሁ። ምክንያቱ ጭሳቸው ነው። ለራሳችሁ ግቢ የተከለከለውን ለእናታችሁ ጓዳ አትላኩ። በዚያው ገንዘብ ሶላር ግዙላቸው።

ኤሌክትሪክም መልአክ አይደለም

ይህን ካልነገርኳችሁ ግማሹን ደብቄ ማለት ነው። የተላጠ ሽቦ፣ እርጥብ እጅና ውሃ ሲገናኙ ሰው ይሞታል። ፓምፑ ውሃ ውስጥ ሳለ በመብራት የሚሠራ ከሆነ ማንም ወደ ውሃው አይግባ፤ መስመሩ የመሬት ሽቦ ይኑረው፤ ሥራውም በባለሙያ ይሠራ። ሰው ኤሌክትሪክ ቢይዘው አትንኩት፤ መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ አጥፉ። ጄኔሬተርን በቤት ሶኬት በኩል ወደ መስመር አታስገቡ፤ ምሰሶ ላይ ሆኖ የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። አሲድ ያለበት የሶላር ባትሪ ከመኝታ ክፍል ውጭ፣ አየር በሚያገኝበትና ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ደግሞም መብራቱ ራሱ የት አለ የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው። ዓባይ ስማዳን ታክኮ ነው የሚያልፈው። ታላቁ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የወንዙ ባለቤት የሆነው ገበሬ ግን ብዙ ቦታ ዛሬም በኩራዝ ነው የሚያመሸው። ይህን ለሚመለከታቸው ሁሉ ደግመን ደጋግመን መጠየቅ አለብን፤ እኔ ደግሞ የመብራት ጥያቄን የጤና ጥያቄ ነው የምለው። እስኪመጣ ድረስ ግን ልጅ ከሚጠጣበት ጠርሙስ ቤንዚን ለማውጣት መብራት ኃይልን መጠበቅ አያስፈልግም። ጄኔሬተርን ከጓዳ ወደ ደጅ ለማውጣትም እንዲሁ።

የዚያ ወንድማችን ነገር ምን ሆነ? በማግስቱ ሳሉ ሲብስበት፣ ትኩሳትም ሲጨምር፣ ሄደ። ሳንባው ተቆጥቶ ነበር፤ ኦክስጅን ተሰጥቶት ለቀናት ተኝቶ ታከመ። ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤት ሲገባ ጎረቤቱ ሞተሩን አይቶለት ኖሯል። ቤንዚኑ ምንም አልሆነም። ዘይት አንሶት ነበር። ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት!

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። በመጠጥ ጠርሙስ የተቀመጠ ነዳጅ ካለ አውጡት። ጄኔሬተራችሁ የት እንዳደረ እዩ። ይህንንም ፓምፕ ላለው ዘመዳችሁ አንብቡለት፤ ስልክ ለሌለው ደግሞ በቃል ንገሩት።

ጤናችሁ ይብዛ!